«ሥራ ተመልሳለች» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች እንበል። ባልደረቦቿ ተነስተው ያቅፏታል። «እንኳን ማረሽ!» ይሏታል። የሰው ሀብት ክፍሉ «ከሕመም ፈቃድ ተመልሳለች» ብሎ ፋይሏን ይዘጋል። ለመሥሪያ ቤቱ ታሪኩ እዚህ ላይ አበቃ። ለእሷ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ከስድስት ወር በኋላስ? በቀድሞ ቦታዋ አለች ወይስ «ቀለል ይበልሽ» ተብላ ደረጃዋ ዝቅ ብሏል? ለክትትል ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀን ከደመወዟ ይቆረጣል? ድካሙ በርትቶባት በገዛ እጇ መልቀቂያ አስገባች? ፋይሉ ይህን አይጠይቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ወረቀቱ «ተመልሳለች» የሚለውን ይዞ ይቀራል።

ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰዓት ፊርማ አንድ ሰው በር ላይ መድረሱን ያሳያል እንጂ ወደ ሥራው በስኬት መመለሱን አያሳይም።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የጥናቶች ዳሰሳ፣ ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች በአማካይ 63.5 በመቶው ወደ ሥራ መመለሳቸውን አስፍሯል። ነገር ግን ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው ቁጥሩ ከ24 እስከ 94 በመቶ ይዋዥቃል። ልዩነቱ በከፊል ከካንሰሩ ዓይነትና ከየአገሩ ሁኔታ የመጣ ነው። በከፊል ደግሞ «ተመለሰ» የሚለው ቃል አንድ ወጥ ትርጉም ስለሌለው ነው። ለአንዱ አንድ ቀን መግባት መመለስ ነው፤ ለሌላው ዓመት መቆየት። መለኪያው እንዲህ ከላላ የፈለገ ሁሉ የፈለገውን ውጤት ያወጣበታል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር ያልበለጠ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ናቸው። ሲደመር የ6 ወር ሕመምተኛ እጅ የሚገባው የ2 ወር ደመወዝ ነው።

ለጡት ካንሰር ከተለመዱት የኬሞቴራፒ አሰጣጦች አንዱ በየ21 ቀኑ 8 ዙር ነው። ይህ ብቻውን 168 ቀን ይፈጃል። ከ6 ወሩ የሚተርፈው ሁለት ሳምንት እንኳን አይሞላም። ቀዶ ሕክምናው፣ የቁስሉ መዳን፣ የጨረር ሕክምናውና ወረፋው በየትኛው ቀን ሊሆኑ ነው? ብዙዎች ከሕክምና በኋላ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይታዘዝላቸዋል። ሕጉ በወር ይቆጥራል፤ በሽታው በዓመት።

ስለዚህ በአራተኛው ወር ደመወዟ ተቋርጦ፣ የቤት ኪራይ አስጨንቋት፣ ጣቷ እየደነዘዘ ወደ ኮምፒውተሯ የተመለሰችው ሴት በመዝገቡ ላይ «የስኬት» ቁጥር ሆና ትቆጠራለች። እውነቱ ግን እሷን ወደ ሥራ የመለሳት ጤና ሳይሆን ችግር ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት የማይችል መለኪያ ባይኖር ይሻላል።

ደመወዝተኛዋ ቢያንስ ፋይል አላት። እንጀራ ጋግራ የምታድረውስ? በብብቷ ስር ያሉት የሊምፍ እጢዎች በቀዶ ሕክምና የወጡላት ሴት ክንዷ ሊያብጥ ይችላል፤ ከቃጠሎና ከከባድ ሸክም እንድትጠነቀቅ ትመከራለች። ምጣድ ፊት ቆማ፣ ጀሪካን ተሸክማ እንዴት ትጠንቀቅ? ማን ፈቃድ ይሰጣታል? ገበሬው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ በዚህ ቆጠራ ውስጥ የሉም። አብዛኛው የአገሪቱ ሠራተኛ ግን እነሱ ናቸው።

«ስንት ጤነኛ ወጣት ሥራ አጥቶ በተቀመጠበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ሙግት ከዚህ ቀደም ስለ ኤችአይቪም ተሰምቷል። ዛሬ ግን ያው አዋጅ በኤችአይቪ ኤድስ ምክንያት ሠራተኛን መለየት በስም ጠርቶ ይከለክላል። አገሪቱ ያኔም ሀብታም አልነበረችም። ካንሰር ግን በስም አልተጠራም። ይባስ ብሎ አዋጁ ሠራተኛ በጤና ምክንያት ግዴታውን ለዘለቄታው መወጣት ካቃተው አሠሪው በማስጠንቀቂያ እንዲያሰናብተው ይፈቅዳል። እንግሊዝ ውስጥ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ መሠረት ካንሰር የያዘው ሠራተኛ በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ የአካል ጉዳተኛ የሚያገኘውን ጥበቃ ያገኛል። አሠሪው ሥራውን ለሠራተኛው አቅም የማመቻቸት ግዴታ አለበት።

ትክክለኛ መለኪያ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ፊንላንዶች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመሥራት አቅምን የሚመዝኑት ሠራተኛውን ራሱን በሚጠይቅ ቅጽ ነው። እዚህም አምስት ጥያቄ ይበቃል። ወደ ቀድሞ ሥራው ወይም ወደ ተመጣጣኝ ሥራ ተመለሰ? ደመወዙና ደረጃው ተጠበቀ? ከዓመት በኋላም ሥራው ላይ አለ? ሳይፈራ ለክትትል ይሄዳል? የተመለሰው ወዶ ነው ወይስ ተገዶ?

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የጤና ሚኒስቴር ይህን ቅጽ በጋራ ማውጣት አይሳናቸውም። የሠራተኛ ማህበራትም አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ የተሻለ የሕመም ፈቃድና ደረጃ በደረጃ ወደ ሥራ መመለስን በህብረት ስምምነት ማስገባት ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ «ተመልሳለች» ብሎ ፋይል የሚዘጋ ኃላፊ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ወደ ምን?