አጭር ፊልምን የሚያውቅ ዳኛ አስቀምጡልን
ለአጭር ፊልም ፌስቲቫሉ አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ስፖንሰር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ፌስቲቫሉን ሳይቋረጥ ማቆየታችሁ፣ የተማሪ ሥራንም ከአንጋፋው እኩል ማሳየታችሁ ያስመሰግናችኋል። ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃ። የዘንድሮ ዳኞቻችሁ የቴሌቪዥን ድራማ ተዋናይ፣ ድምፃዊ፣ የመዝናኛ ጋዜጠኛ፣ የማስታወቂያ ባለሙያና የስፖንሰሩ ተወካይ ነበሩ። ሁሉም በየሙያቸው የተከበሩ ናቸው፤ አጭር ፊልም ሠርቶ የሚያውቅ ግን አንድም የለም። ኤዲተር የለም፣ የድምፅ ባለሙያም የለም። ይህ ቅሬታ ከዓመት ዓመት ሲነገራችሁ ኖሯል፤ መልሳችሁም ሁልጊዜ «ለከርሞ» ነው።

የምንሟገተው ስለ ወንበር ክብር አይደለም። የዳኛው ሙያ የሚሸለመውን ፊልም አስቀድሞ ስለሚመርጥ ነው። ተዋናይ ዓይኑ ትወና ላይ ያርፋል፤ ጋዜጠኛ ርዕሰ ጉዳዩን፣ የማስታወቂያ ሰው መልእክቱን ይፈልጋል። የራሳችሁ የሽልማት መግለጫ ምስክር ነው፤ አሸናፊው የተወደሰው በአስተማሪነቱና በመሪ ተዋናይዋ ብቃት ሲሆን ስለ ኤዲቲንጉም ሆነ ስለ ድምፁ አንድ ቃል አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ዳኛ አጭር ፊልምን የሚያየው ገንዘብ አጥሮት እንደ ተቆረጠ ረጅም ፊልም ነው። የቅኔ ቤት ሰው ግን ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና የስምንት ቤቱ መወድስ ቁራጭ ነው አይልም፤ በራሱ ሕግ ይመዝነዋል እንጂ።

ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠራውን የመጀመሪያ ፊልሙን ተመልከቱ። ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ቅያስ ውስጥ ውሻ ይጮህበታል። ፈርቶ ይቆማል፤ አንድ ሽማግሌ ተከትሎ ለማለፍ ይሞክራል፤ ሽማግሌው መንገድ ሲቀይሩበት ለውሻው ቁራሽ ይጥልለታል። አሥር ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ንግግር የለውም የሚባል ፊልም ነው። ጥበቡ ያለው ልጁ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝምና የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ላይ ነው። መልእክት ፈላጊ ዳኛ ለዚህ ስንት ነጥብ ይሰጠዋል? የዳይሬክተር ጀሲካ በሽር «ሀይራት»ም የሐረርን ጅብ መጋቢ በጥቁርና ነጭ ምስል የሚያሳይ አጭር ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ታይቷል፤ በእናንተ መመዘኛ ግን «ታሪኩ የታለ?» መባሉ አይቀርም ነበር።

ታዋቂ ሰው ተመልካችና ስፖንሰር ይስባል ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ስለዚህ ሽልማቱን ይስጥ፣ መድረኩን ይምራ። ተዋናይ አይዳኝም የሚልም የለም፤ አጭር ፊልምን የሚያውቅ አብሮት ይኑር ነው የምንለው። የካን ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2014 የአጭር ፊልም ዳኞቹን ሰብሳቢ ያደረገው ያንኑ ኪያሮስታሚን ነው። በተከታዩ ዓመት ዳይሬክተሩ አብደራህማን ሲሳኮ የመራው ቡድን ሁለት ተዋንያን ነበሩት፤ ሦስቱ ግን ዳይሬክተሮች ነበሩ። ፊልም ለሕዝብ ስለሚሠራ በተራ ተመልካች ዓይን ይመዘን የሚለውም መልስ አለው፤ ለእሱ የተመልካቾች ምርጫ የሚባል ሽልማት ለይታችሁ አዘጋጁ። ባለሙያ የለም የሚለው ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው። በየቴሌቪዥኑ የሚታየውን ድራማና ማስታወቂያ የሚቆርጠውና ድምፁን የሚያስተካክለው ማን ሆነና? በውጭ አገር ያለውም ባለሙያ ፊልሞቹን በኢንተርኔት አይቶ ሊዳኝ ይችላል።

በእርግጥ በሽታው የእናንተ ብቻ አይደለም። በአገራችን የጥበብ ውድድር ሁሉ የሚታወቀው ፊት ለሚያውቀው ሰው ወንበር ሲነጥቅ እናያለን። የእናንተው የሚያንገበግበን ግን አጭር ፊልም ሠሪው ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው። ሲኒማ ቤቱ ትኬት አይሸጥለትም፣ ጣቢያው ሰዓት አይሰጠውም። እናንተ ጋ የተሸለመውን አይቶ ነው የሚቀጥለውን የሚጽፈው፤ ስብከት ከተሸለመ ስብከት ይጽፋል።

ስለዚህ ለመጪው ውድድር ከአምስቱ ወንበር ሦስቱን አጭር ፊልም ለሠራ ዳይሬክተር፣ ለኤዲተርና ለድምፅ ባለሙያ ስጡ። የስፖንሰሩን ተወካይ ከዳኝነት አውጡ። የዳኞቹን ስምና ሙያ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት አሳውቁ፤ ውሳኔያቸውንም በምክንያት አስደግፋችሁ አውጡ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ውድድሩን ተዉትና ፊልሞቹን ብቻ አሳዩን።