ከጣሪያ የጀመረው አርክቴክት

ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ አርክቴክት ከመሆኑ በፊት አናፂ ነበር። በ1985 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከቡርኪና ፋሶ ወደ በርሊን ያቀናው የአናፂነት ሥልጠና ዕድል አግኝቶ ሲሆን፣ ቀን ጣሪያና የቤት ዕቃ መሥራት ሲማር ይውልና ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ጭቃ ነው። ሥራዎቹን ተራ በተራ ለሚመለከት ሰው ግን የአናፂው እጅ ይበልጥ ይታየዋል፤ ኬሬ ሕንፃን የሚያስበው ከጣሪያው ጀምሮ ነው።

የተወለደው በ1965 በጋንዶ መንደር ነው፤ አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበሩ። ጋንዶ ትምህርት ቤት ስላልነበራት በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ቴንኮዶጎ ከተማ ተላከ። የተማረበት ክፍል በሲሚንቶ ብሎኬት የተሠራ፣ ብርሃንም አየርም እንደ ልብ የማይገባው፣ ልጆች ታጭቀው በሙቀት የሚቀቀሉበት ነበር። ኋላ በ1995 በርሊን በሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ሕንፃ ተማሪ ሲሆን፣ ያቺ ክፍል ከአእምሮው አልወጣችም ነበር ማለት ይቻላል፤ ገና ሳይመረቅ የሠራው የመጀመሪያ ሕንፃ ለመንደሩ የሚሆን ትምህርት ቤት ነውና።

ገንዘቡን ያሰባሰበው በ1998 በጀርመን ባቋቋመው ማኅበር በኩል ነው። የመንደሩ ሰው ግን ትምህርት ቤቱ በጭቃ እንደሚሠራ ሲሰማ ቅር አለው። ጭቃ ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚሸረሸር ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ልጁስ አውሮፓ ድረስ ሄዶ የተማረው ይህንኑ ሊሠራ ነው? ጥርጣሬው የሚናቅ አልነበረም። ኬሬም በንግግር ብቻ አልመለሰውም። አፈሩ ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት፣ በእጅ መጭመቂያ ተጨምቆ ጡብ ሆነ። ከክፍሎቹ በላይ ጡቡ መሀል መሀሉ ክፍተት እየተተወለት እንደ ኮርኒስ ተደረደረ። ከዚያም በላይ፣ ኮርኒሱን ሳይነካ፣ ከፌሮ ተበይዶ በተሠራ ተሸካሚ ላይ ሰፊ የቆርቆሮ ክዳን ተሰቀለ። ክሬን አላስፈለገም፤ የእጅ መጋዝና ትንሽ የብየዳ ማሽን በቁ።

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። እዚህ ግን ጠላት የነበረው ግለት ሠራተኛ ሆኗል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ሞቆ ሲሸሽ፣ የክፍሉን ሙቅ አየር በክፍተቶቹ ይስባል፤ በምትኩ ቀዝቀዝ ያለው በመስኮት ይገባል። ከግድግዳው አልፎ የተዘረጋው ክዳን ደግሞ ፀሐዩንም ዝናቡንም ከጭቃው ያርቃል። ሕንፃው በ2001 ተጠናቀቀ፤ በ2004 ኬሬ ሲመረቅ የአጋ ካን የኪነ ሕንፃ ሽልማትን ያገኘው በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። ከ120 የተነሣው የተማሪዎች ቁጥርም ከጊዜ በኋላ 700 ደርሷል።

ትምህርት ቤቱ አጠገብ የታሰበው ቤተ መጻሕፍት የዚሁ ብልሃት ልጅ ነው። የመንደሩ ሴቶች የሠሯቸው እንስራዎች ከላይም ከታችም ተቆርጠው በኮርኒሱ ውስጥ ተደረደሩ፤ ኮንክሪቱ በዙሪያቸው ሲፈስ ብርሃንና አየር የሚያሳልፉ ክብ ቀዳዳዎች ሆነው ቀሩ። ሕንፃውን ዙሪያውን የሚከልለው ደግሞ አጣና ነው፤ መሬት ያደርቃል ተብሎ የሚወቀሰው፣ ከማገዶ ያለፈ ክብር የማያገኘው ባህር ዛፍ።

በ2010 ሥራው ከመንደር ወደ አገር ወጣ። ማሊ የነፃነቷን 50ኛ ዓመት ስታከብር በባማኮ ብሔራዊ ፓርክ የተሠሩት ሕንፃዎችና በሞፕቲ የቆመው የጭቃ ኪነ ሕንፃ ማዕከል የእርሱ ናቸው። ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን በዚያው ዓመት ከቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ከዋጋዱጉ ወጣ ብሎ በላኦንጎ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የኦፔራ መንደር ነው። ሐሳቡ የጀርመናዊው የቲያትርና የፊልም አዘጋጅ የክሪስቶፍ ሽሊንገንዚፍ ነበር። ሽሊንገንዚፍ ግን መሠረቱ በተጣለ በወራት ውስጥ አረፈ። ቀድሞ የተከፈተው በ2011 ትምህርት ቤቱ ነው፤ በ2014 የጤና ማዕከሉ ተከተለ። መንደሩን ስም ያሰጠው ቲያትር ለመጨረሻው ምዕራፍ ቆየ። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥር አለ። ነገር ግን ልጆች የማይማሩበትና እናቶች የማይታከሙበት የኦፔራ መንደር ከጎብኚ በቀር ማን ይገባበት ነበር? ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር፤ የሚያሳዝነው ትርዒቱን ራሱን ከመዘግየት አለማዳኑ ነው።

የለንደኑ ሥራ ዝናውን ከፍ ያደረገ ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል። በ2017 ለሰርፐንታይን ጋለሪ የሠራው ጊዜያዊ ድንኳን የጋንዶን ዛፍ ጥላ የሚያስታውስ ሰፊ ጣሪያና ሰማያዊ የእንጨት ግድግዳ ነበረው፤ ጣሪያው ዝናቡን እንደ ፏፏቴ ወደ መሀል ያፈሳል። ዝናብ ብርቅ ከሆነበት አገር የመጣ ሐሳብ ዝናብ ለሰለቸው ከተማ ጌጥ ሆነ። በ2019 በሞንታና ለቲፔት ራይዝ የኪነ ጥበብ ማዕከል ያቆመው የግንድ ጣሪያ ያለው ማረፊያ ከዚህ የተሻለ ነው፤ እዚያ ጥላው የሚያርፍበት ሰው አለው።

በ2022 በኪነ ሕንፃ ታላቁ የሆነውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። መንግሥታትና ትልልቅ ተቋማትም ይፈልጉታል። ለቤኒን በፖርቶ ኖቮ የነደፈው ምክር ቤት መልኩን የወሰደው ሽማግሌዎች ከሚመክሩበት ዛፍ ነው፤ እኛ ዋርካ የምንለው ዓይነት። በዳካር ለጎተ ኢንስቲትዩት፣ በላስ ቬጋስ ለጥበብ ሙዚየም ንድፍ ሠርቷል።

የገዛ አገሩ ግን ሌላ ታሪክ አላት። በጥቅምት 2014 ሕዝባዊ አመፅ የዋጋዱጉን ምክር ቤት ካቃጠለ በኋላ፣ ኬሬ ማንም ዜጋ እስከ ጣሪያው ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል የሚያይበት፣ እንደ ደረጃ የተደራረበ አዲስ ምክር ቤት ነድፎ ነበር። ያ ንድፍ ከወረቀት አልወረደም። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ሳንካራና አብረውት የነበሩት 12 ሰዎች በ1987 በተገደሉበት ግቢ ግን የእርሱ ሥራ የሆነው መካነ መቃብር ተሠርቶ በግንቦት 2025 ተመርቋል።