ወደ ባሌ ተራራ በየትኛው መንገድ?

በዓል ከቅዳሜና ከእሑድ ጋር ገጥሞ የሦስት ወይም የአራት ቀን ዕረፍት ሲገኝ፣ ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ሚኒባስ ይከራዩና «ባሌ ተራራ ወጥተን በእግር እንጓዛለን» ይላሉ። አሳቡ መልካም ነው። ክርክሩ የሚነሣው ግን ገና ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ነው፤ አንዱ በአሰላ፣ ሌላው በሻሸመኔ ይሁን ይላል። እናንተም ይህ ቢገጥማችሁ ኪሎ ሜትር ብቻ ቈጥራችሁ አትፍረዱ።

የእግር ጉዞው የሚጀመርበት ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ትንሽ ከተማ ናት። የመግቢያው ክፍያ፣ መንገድ መሪውና ጭነት የሚሸከመው ፈረስ ሁሉ እዚያው ነው። በአሰላ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የሻሸመኔው ከዚህ ይረዝማል። ሁለቱም መንገዶች ዶዶላ አካባቢ ተገናኝተው በአዳባ በኩል ወደ ዲንሾ ስለሚወጡ፣ ምርጫው ከዶዶላ ወዲህ ላለው ብቻ ነው።

የሻሸመኔው መንገድ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አጠገብ ስለሚያልፍ ለዓይን ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ የሚሄደው የጭነት መኪናም በዚሁ ያልፋል፤ ሻሸመኔን ማቋረጥ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአሰላ የሄደ ግን እስከ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ገሥግሦ፣ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አርሲ ደጋ ሽቅብ ይወጣል። ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው፤ ጭላሎ ተራራም በስተግራ ይታያል። የእነ ደራርቱ ቱሉና የእነ ቀነኒሳ በቀለ አገር በቆጂ ስትደርሱ፣ ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ቢል አትከልክሉት። ከተማዋ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሳንባችሁ ከወዲሁ መለማመድ ይጀምራል።

ይህን እንደ ቀላል አትዩት። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። መንገዱ ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴ ድረስ መኪና ስለሚያወጣ፣ ብዙዎች ከሐይቅ ዳር ተነሥተው በአንድ ቀን እዚያ ለመድረስ ይጓጓሉ። መኪና ራስ ምታት አያውቅም፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ዲንሾ እደሩ።

እኔ አሰላን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ግን ብርሃን ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሰው፣ መንገድ ካልተበላሸበት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋይሳይ ሜዳ ይደርሳል። ሜዳው ዲንሾ ከመግባታችሁ በፊት መንገዱ ዳር ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን ሲመሻሽ ወደዚያ ለግጦሽ ይወጣል፤ ከመኪናው ሳትወርዱም ታዩታላችሁ። የመሸበት መንገደኛ ይህ ይቀርበታል፤ በምትኩም መብራት የሌለው ጋሪ፣ ወደ ቤቱ የሚነዳ ከብትና በክረምት ደግሞ ጉም ያገኘዋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን ከባሌ የመጡ የአውቶቡስ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ጸጥታ ጠይቁ፤ የሚያጠራጥር ነገር ከሰማችሁ ጉዞውን አቈዩት። ነዳጅ ዲንሾ ላይ አገኛለሁ ብላችሁም አትተማመኑ። ለሚኒባስ ኪራይ አቅም ያጠራችሁ ደግሞ የሮቤ አውቶቡስ ዲንሾን ያልፋል፤ ስለ መውረጃችሁ ከረዳቱ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሐይቆቹን ለማየት የጓጓውን ጓደኛችሁን አታስቀይሙት፤ ስትመለሱ በሻሸመኔ ኑና ባቱ ላይ ዓሣ ብሉ። ብቻ የመመለሻውን መንገድ ኪራዩን ስትዋዋሉ ለሾፌሩ ንገሩት፤ አለዚያ የነዳጁ ሒሳብ ዲንሾ ላይ ያጣላችኋል።