ገራም በግ ሲመረጥ

ከደመወዙ ጥቂት ቆጥቦ በጓሮው ሁለት ሦስት በግ ሊያረባ ያሰበ ሰው ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ የሚዳስሰው ላቱን ነው። ይህ ለበዓል በግ ይበጃል፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ የሚኖር እንስሳ ግን በጠባዩም ሊመዘን ይገባል።

በገበያ ግርግር ማንኛዋም በግ ትደነግጣለችና ቢቻል ከአርቢው ደጅ ግዙ። ከመንጋው ጋር ሳለች ከጎን በኩል በቀስታ ቅረቧት። ጥቂት ፈቀቅ ብላ ወደ ሣሯ የምትመለሰው መልካም ናት። ብቻዋን ግን አትውሰዷት፤ በግ ያለ ባልንጀራ ስትጮኽ ታድራለች።

ብዙ ሰው የሚታለለው በአውራው ነው። በጡጦ ያደገ፣ ሰው ሲያይ እየሮጠ የሚመጣ ጠቦት «እንዴት ያለ ገራም ነው!» ያሰኛል። ነገር ግን ሰውን መፍራት ያልለመደ ጠቦት ሲጎለምስ ሰውን እንደ ሌላ አውራ ቈጥሮ ይወጋል። ልጆች ግንባሩን እየገፉ ሲጫወቱማ ውጊያውን ራሳቸው ያስተምሩታል። የመንዝ በግ ትንሽና ብርድ ቻይ በመሆኑ ለደጋ ከተማ ግቢ ይስማማል፤ አውራው ግን ብዙውን ጊዜ ባለ ቀንድ ነው።

ደግሞስ ለሁለት እናት በግ አውራ መቀለብ ምን ያደርጋል? ከጎረቤት ለአንድ ሰሞን ተውሶ መመለስ ይበቃል፤ ግልገሉ 5 ወር ያህል ቆይቶ ይወለዳል። አውራው በሚሰነብትበት ጊዜ ብቻ ልጆቹ ወደ በረቱ አይግቡ።