ስለ አየርላንድ ተኵላ አዳኝ ውሻ

ሥራው ያለቀ እንስሳ ዘሩ እንዴት ይቈያል? የዚህን ምሳሌ በአየርላንድ ተኵላ አዳኝ ውሻ እናገኛለን። በአገሩ ተኵላ በዝቶ ነበርና፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1652 ገዦቹ እንግሊዞች ውሻው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት ተኵላው ሲያልቅ ግን የውሻው ፈላጊ ታጣ፤ ዘሩም ሊጠፋ ተቃረበ። ከ1862 ጀምሮ ካፒቴን ጆርጅ ግራሃም የተባሉ ሰው የተረፉትን ፈልገው፥ ከስኮትላንድ አጋዘን አዳኝ ውሻ ጋራ አዳቅለው፥ ዘሩን ከጥፋት መለሱት።

ወንዱ በቁመት ከ79 ሳንቲሜትር አያንስም፤ ጠጕሩ ሻካራ፥ ሩጫው ፈጣን፥ በቤተ ሰብ መካከል ጠባዩ የዋህ ነው። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ 10 ዓመት የሚሞላው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ውሻ ለልጆቹ ሊያመጣ የሚወድ ወላጅ፥ የሚሮጥበትን ሰፊ ሜዳ ብቻ ሳይሆን፥ ልጆቹ ወዳጃቸውን ቶሎ እንደሚያጡም አስቀድሞ እንዲያስብ እንመክራለን።