ስለ አንቲቦዲ ግዥ የቀረበ አቤቱታ

ለክቡራን የምርምር ገንዘብና የግዥ ኃላፊዎች
ባሉበት

ከዚህ በታች የፈረምነው በጎንደር ከተማ የአንጎል ናሙና የምንመረምር የላብራቶሪ ባለሙያዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነን። ከደባርቅና ከዳባት በበረዶ ታሽጎ የሚመጣውን የውሻ ጭንቅላት የምንከፍተው እኛ ነን። ሥራችሁ ብዙ መሆኑን ስለምናውቅ በጽሑፍ ደጅ ከመጥናታችን በፊት በቃል ደጋግመን አመልክተናል።

መጻሕፍቱ ፀረ እንግዳ አካል የሚሉት፣ እኛ በተለምዶ አንቲቦዲ የምንለው ነገር በእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ ላይ ዓይናችን ነው። ከአንጎል ግንድና ከትንሹ አንጎል ቁራጭ ወስደን ስላይድ ላይ እናትማለን፤ የሚያበራ ቀለም የተያያዘበትን አንቲቦዲ እንጨምርበታለን፤ ታጥቦ ሲታይ ቫይረሱ ካለ በማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ያበራል። አንቲቦዲው ያለ ቦታው ከተጣበቀ ጤነኛው ውሻ እብድ ይባላል፤ ኃይሉ ከደከመ ደግሞ እብዱ ጤነኛ ይባላል። የተነከሰ ሰው ውጤት ሳይጠብቅ ክትባት መጀመር አለበት። ነገር ግን «ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ሲሰጠው የልጁን ክትባት የማያስቀጥል አባት ይኖራል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የሰሜን ተራሮችን ቀይ ቀበሮ የሚያሰጋውም ይኸው ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

የደረሰብንን እንናገር። በፕሮፎርማ ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈ አቅራቢ ያመጣው ብልቃጥ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ የሆነው ሞዴል 19 ተቆርጦለት ገባ። ጤነኛነቱ በተረጋገጠ የውሻ አንጎል ላይ ብንሞክረው እሱም አረንጓዴ አበራ። በብልቃጡ ላይ አንቲቦዲው ከየትኛው የሕዋስ ዘር እንደተገኘ የሚያመለክተው የክሎን ቁጥር አልነበረም። እንዲቀየርልን ብንጠይቅ «ዕቃው በዝርዝሩ መሠረት ገብቷል» ተባልን። እውነት ነው፤ ዝርዝሩ «አንቲቦዲ፣ 1 ብልቃጥ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረበትም። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከአዲስ አበባ አብሮት የተነሣው በረዶ አዘዞ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ነበር። በመንገድ ላይ ስንት ዲግሪ እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ አልተያያዘም።

ነገሩ የደሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ከነርቭ ሳይንስ ጋር ለተያያዙ 65 ፕሮቲኖች በገበያ ላይ ያሉ 614 አንቲቦዲዎችን፣ ፕሮቲኑ ሆን ተብሎ እንዲጠፋ በተደረገባቸው ሕዋሳት ጭምር ፈተነ። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች የታሰበውን ፕሮቲን በማይለይ አንቲቦዲ የተገኘ ውጤት እንደያዙ አመለከተ። ባለጸጋው ሲሳሳት ሌላ ይገዛል። እኛ ግን የምንጠብቀው የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ነው።

ስለዚህ የግዥ ዝርዝሩ የክሎንና የምርት ቁጥር፣ እንዲሁም በዚሁ ዓይነት ምርመራ ላይ የተፈተነበትን ማስረጃ እንዲጠይቅ እንለምናለን። ዋጋ የሚወዳደረው ይህን ካሟሉት መካከል ይሁን። ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት በታመመና በጤነኛ አንጎል ላይ እንድንሞክረው 5 የሥራ ቀን ይሰጠን። ከሳጥኑ ጋር የሙቀት መመዝገቢያ ይምጣ፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን የሚይዝ ጄኔሬተር ነዳጅ አይጉደልበት። ብዙ አልጠየቅንም፤ የነዳጁ ዋጋ ከአንድ የተበላሸ ብልቃጥ አይበልጥም ብለን እናምናለን።

ይህ እስኪፈጸም ድረስ፣ በዚህ መንገድ ባልተፈተነ አንቲቦዲ በወጣ ውጤት ላይ ፊርማችንን እንደማናኖር ከታላቅ አክብሮት ጋር እናሳውቃለን።

አመልካቾች
ጎንደር