ስለ ቤት መሥሪያ ዕቃና ስለ ወጣት መሐንዲሶቻችን ልምምድ

የምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት በሥራ ቦታ ተገኝቶ እንዲለማመድ መደረጉ እጅግ የሚመሰገን ሥርዓት ነው። ዳሩ ግን ተለማማጁ በዚያ ጊዜ ምን ተምሮ ይመለሳል ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚያስደስት አይሆንም። የሲሚንቶ ከረጢት ሲቈጥርና የብረት ርዝመት ሲመዘግብ ይሰነብትና፣ የቆመበት አፈርና የተደገፈው ድንጋይ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ሪፖርቱን አስጠርዞ ይመለሳል። ይህ ልማድ መለወጥ አለበት እንላለን።

ነገሩን በምዕራብ ሸዋ እንመልከተው። በዚህ አገር የቤት መሥሪያ ዕቃ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ ዓለምን መናገሻ ሊያደርጉ ያሰቡት፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶና የቤት እንጨት ስላለቀ ነበር። ከተማዪቱን ከመፈለስ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። የመንግሥት መቀመጫ እንኳ በእንጨት እጦት ሊናወጥ ከቻለ፣ ይህ ጉዳይ ለግንበኛ ብቻ የሚተው አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ተስፋችን ሁሉ በሲሚንቶ ላይ ወድቋል። የሙገር ፋብሪካ በ1970ዎቹ፣ የዳንጎቴም ፋብሪካ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ነው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የሲሚንቶ እጥረት በበረታ ጊዜ፣ ፋብሪካ በደጁ ያለው ሰው ከሌላው የተለየ ዕድል አላገኘም። የሙገር ወንዝ የዓባይ ገባር ነውና፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በእውነት ደረሰብን።

ዋጋው በብር ብቻ የሚቈጠር አይደለም። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይን ከሸክላ አፈር ጋር እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በማቃጠል ነው። በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው የካርቦን ጋዝ ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ ያህሉ ከዚህ ሥራ ይወጣል፤ ከዚህም የሚበልጠው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ የሚለቀቅ ነው።

«ጭቃ የድህነት ምልክት ነው፤ ሠልጥነን ሳለ ወደ ኋላ እንመለስን?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው አጭር ነው። የጭቃ ቤት የሚፈርሰው ጭቃ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ያለ ድንጋይ መሠረት ስለሚቆም፣ የጣሪያው ክፈፍ ስለሚያጥርና ማገሩን ምስጥ ስለሚበላው ነው። ይህ የአሠራር እንጂ የአፈር ጥፋት አይደለም። ፎቅ ያለ ኮንክሪት ይቁም አንልም። ነገር ግን ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ጸሐፊ ምድር ቤት ሁሉን በሲሚንቶ መሥራት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስለዚህ ተለማማጁ ሊመረምራቸው የሚገቡ ነገሮች በእጁ አሉ። የአምቦ ድንጋይ በጠራቢ መዶሻ መልክ የሚይዝ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ደረቁን መዝኖ፣ አንድ ቀን ከውኃ ነክሮ፣ እንደገና ቢመዝነው ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ ያውቃል። የጊንጪ ጥቁር መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለመሠረትም ለጡብም አይታመንም። ቀይ አፈር ግን በጠርሙስ ውኃ ተበጥብጦ ሲዘቅጥ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይለያል፤ መጠኑ ከተስማማ፣ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ሲሚንቶ ተጨምሮበት በመጭመቂያ መኪና ጡብ ይወጣዋል፤ እሳትም አያስፈልገው። ፖዞላና የሚባለው የእሳተ ገሞራ አፈርም ከሲሚንቶው ከፊሉን ይተካል።

የአምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረ ነው። አፈርን ለእህል ሲያስተምር የኖረ ቤት ለግንብም ቢያስተምረው የሚያንሰው ነገር የለም። እንግዲህ መምህራን ከእያንዳንዱ ተለማማጅ የአንድ ድንጋይ ወይም የአንድ አፈር ምርመራ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሥራ ኃላፊዎችም የመንግሥት ሕንፃ ሲያሠሩ ለዚህ ምርመራ ቦታ ይስጡ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፣ የረገጥነውን ሳናውቅ የሌላውን ስንመኝ ዘመናችን እንዳያልፍ አጥብቀን እናሳስባለን።